ባዶ ቅጽ ላይ የፈረምከው

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ለጤናህ እንዴት ከረምክ? ያ ጉልበትህ አሁንም ብርድ ሲመጣ ያስነክስሃል? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ማለት ለምዶብኝ ነው እንጂ እንቅልፍ ከራቀኝ ሰንብቷል።

አስራ ዘጠኝ ሰው የሞተበትን የባቡር አደጋ እንድመረምር እንደተሰጠኝ ታውቃለህ። አንተ የምትፈትሸው የሌላውን መስመር ሐዲድ ነው ብዬ ዝምድናችንን ለማንም አላነሳሁም። ሃያ ዓመት የባቡር ድርጅቶችን ማጭበርበር ሳሳድድ ኖሬ የሠራሁት ትልቁ ስህተት ይሄ ነው።

የባቡር ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ሻይ አስመጣልኝና ጥፋቱ ሐዲዱን በእግራቸው የሚፈትሹት ሠራተኞች ነው፣ ሳይሄዱ ሄድን ብለው ፈርመዋል አለኝ። ፊርማቸው ያለበትን ሦስት ካርቶን ወረቀትም ዘረገፈልኝ። የእኛ ቢሮ አለቆችም አህያውን ፈርተው ዳውላውን ሊመቱ ተሰናድተው ነበር።

ቅጾቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። የወሩ ፊርማ ሁሉ በአንድ ብዕር፣ በአንድ ጊዜ የተፈረመ ነው። «ሐዲዱ ደህና ነው» የሚለውን ግን በኋላ የሞላችው የድርጅቱ ጸሐፊ ናት። ወር በገባ ቁጥር ባዶውን ቅጽ ያስፈርሟችሁና ግማሾቻችሁን ለሌላ ሥራ ይወስዷችኋል። ባልደረቦችህን ብጠይቅ አንድም የሚናገር ጠፋ። የልጆች አባቶች ናቸው፣ አልፈርድባቸውም።

ከዚያ ያንተን አገኘሁ። ድልድዩን ጨምሮ አስራ ሁለት ኪሎሜትር ፈትሸሃል ይላል። ቀኑ እማዬን የቀበርንበት ቀን ነው፤ ባቡሩ ከመገልበጡ ከሦስት ቀን በፊት። አንተ ያን ቀን ክንዴን ይዘህ ደግፈኸኝ ነበር። ፊርማህ አስቀድሞ ስለነበረ አለቆችህ በምትክህ ማንንም አልላኩም።

ጋሼ፣ በጣም ተናደድኩብህ። ያን ሁሉ ወር ዝም ስትል የእማዬ ሐዘን መስሎኝ አጽናናህ ነበር እኮ! ቀጥሎ ደግሞ አለቀስኩ። የራስህን ትምህርት ትተህ እኔን ያስተማርከኝ አንተ ነህ።

ቅጹን ሦስት ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ብቀደው ማንም አያውቅም ነበር። ግን እሱ ከሌለ ያ ሻይ ጋባዥ ነጻ ይወጣል፣ ባልደረቦችህም እስር ቤት ይገባሉ። ቀብር ላይ የዋለ ሰው በዚያው ቀን ሊፈርም አይችልምና፣ አስቀድማችሁ ባዶ መፈረማችሁን የሚያረጋግጠው እሱ ብቻ ነው፤ ለዚያውም ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ አጠገብህ የነበረ ሰው ከመሰከረ። መርማሪ ደግሞ በያዘው መዝገብ ምስክር መሆን አይችልም።

ዛሬ ጠዋት የመርማሪነት መታወቂያዬን ለቢሮው መለስኩ።

ሰኞ አንዲት መርማሪ ትመጣብሃለች። እኔው ያሰለጠንኳት ናት፤ ቁጡ ብትመስልም ክፉ አይደለችም። ከዚያ በፊት ለባለቤትህ ንገራት፣ ከሰው አፍ እንዳትሰማ። ያን ቀን የት ነበርክ ስትልህ ሐዲድ ላይ ነበርኩ እንዳትላት። የት እንደነበርክ ነግሬያታለሁ።

እግዚአብሔር ካንተ አይለይ፣ ለልጆችህም ያኑርህ። ብትቀየመኝም እንኳ እሁድ ደውልልኝ።

የምትወድህ ታናሽ እህትህ