ከምንጩ በላይ የነበሩት ዛፎች

ቢቸና፣ ሐምሌ 9 ቀን 1982 ዓ.ም.

ሞጣ በእህቱ ቤት ላለው ለባለቤቴ ለደምለው፣

ጤናህ እንዴት ነው? ብርዱስ? ጋቢህን ሳትይዝ ነው የወጣኸው። ይህን ራሴ ነኝ የጻፍኩት፤ ለሌላ ሰው ነግሬ ማስጻፍ አልሆነልኝም።

ደምለው፣ ዛፎቹ አለቁ።

አምራች ማኅበሩ ፈርሶ መሬቱንና በሬዎቹን ሲካፈሉ አይተህ ነው የሄድከው። አንተ በወጣህ በሳምንቱ የማኅበሩ ሊቀመንበር ሳለህ በየማሳው ዳር ያስተከልካቸውን ዋንዛና ብሳና "የሊቀመንበሩ ዛፍ" እያሉ ይጨፈጭፉ ጀመር። ከደጄ ሆኜ አየሁ። ከምንጩ በላይ ወዳለው ተዳፋት ሲወጡ ግን ሮጬ ፊታቸው ቆምኩ።

"ይህን እንኳ ተዉት! ውኃውን የምንጠጣው ሁላችን ነን" አልኩ።

ጎረቤታችን ፋንታ መጥረቢያውን እንደያዘ ቀረበኝ። "ባልሽ በሬዬን ከበረቴ ነድቶ ለማኅበር ሲያስገባ 'ተው' ብለሽዋል?"

"ብዬዋለሁ።" እውነቴን ነው፣ አንተም ታውቃለህ።

"አልሰማሽማ! እኛም አንሰማሽም" ብሎኝ አለፈ።

ሚስቱ ፈንታነሽ ክንዴን ይዛ ወደ ዳር ሳበችኝ። እኔና እሷ በእንስራ ውኃ እያመላለስን ያሳደግናቸው ችግኞች ናቸው። ሲወድቁ አብረን አለቀስን።

ሰኔ ማለቂያ ላይ ዶፍ ወረደ። ተዳፋቱ ተንሸራቶ ምንጩን ደፈነው፤ ለፋንታ የደረሰውን ማሳም ከነበቆሎ ቡቃያው ጠርጎ ወሰደው። ጭቃው ላይ ተቀምጦ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ አየሁት። ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር፤ አላለኝም።

አሁን ከብት ከሚጠጣበት ወንዝ ነው የምንቀዳው። ልጃችን ውበቴ ሆዷን ካመማት ሰነበተ፤ ዓይኗ ገብቷል። ጤና ጣቢያ "ውኃውን እያፈላሽ ስጫት" አሉኝ። ማገዶ አልነበረኝም። ፈንታነሽ ከባሏ ተደብቃ ከቆረጡት እንጨት አመጣችልኝ። አንተ ያስተከልከውን አንድጄ አፈላሁላት። እስካሁን አልተሻላትም።

እኔና ፈንታነሽ ምንጩን የደፈነውን ጭቃ በዶማ እየቆፈርን እየዛቅን ነው። ውኃ አላገኘንም።

አትምጣ። ሰዎቹ ቂማቸው አልበረደም፤ የዛቱብህን ልጽፈው አልችልም። ለእኛ አታስብ፣ እንደምንም እንሆናለን። የእናታችን የማርያም ጥላ አይለይህ፤ ካለህበት በሰላም ያውልህ ያሳድርህ።

ባለቤትህ ይርጋነሽ

ውበቴ "አባዬ መቼ ነው የሚመጣው?" ትላለች። የምትመጣ ከሆነ በገበያ ቀን አይሁን፤ በወንዙ በኩል ዙር። ቶሎ።