ገና ያልታየው ኩላሊቴ

ውድ ኪሩ፣

አዳማ አጎታችን ቤት መሸሸግህን ሰምቻለሁ። ስልክህን ስለዘጋህብኝ በደብዳቤ መጣሁብህ፤ አንብበህ ሳትጨርስ እንዳትቀደው።

ዋሽተኸኛል። ኩላሊቴን ልሰጥህ ምርመራ በጀመርኩ በወሩ፣ ሽሮ ሜዳ ሱቄ ድረስ መጥተህ ምን አልከኝ? «ደስዬ፣ ሆስፒታሉ ያመጣው የብርሃን ካሜራ ኩላሊትሽን አይቶት፣ ውስጡ ያሉት ቱቦዎች አብጠዋል ተባለ። ለኔ አይሆንም፤ በቃ ተይው።» እኔ ሞኟ አመንኩህ። በአልትራሳውንድ ሲያዩኝ ስክሪኑ ያበራ ነበርና፣ እሱ ይሆናል አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ምግብ አልወርድ አለኝ። አንተ በሳምንት ሁለቴ የኩላሊት እጥበት እየሄድክ እኔ ምንም አልጠቅምህም ማለት ነው። ደንበኛ ጥለት ሲያስመርጠኝ ሁሉ እንባዬ ይመጣ ነበር።

ሰኞ ግን ለራሴ ልታከም ብዬ ሐኪምህ ዶክተር ዓምሃ ዘንድ ሄድኩ። «ላበጠው ቱቦ መድኃኒት ይስጡኝ» ስላቸው ግራ ገባቸው። «ማነው ያየው?» አሉኝ። እንዳስረዱኝ ያ የካሜራው ብርሃን ለካ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ነው ዘልቆ የሚያየው፤ ከቆዳ በላይ ሆኖ ኩላሊት ጋ አይደርስም። ኩላሊቱ ከሰጪው ወጥቶ በረዶ ላይ ተቀምጦ ሳለ ነው፣ ናሙና ለመውሰድ መርፌ ሳይወጉት፣ ቱቦዎቹን አይተው ተቀባዩ ውስጥ ቶሎ ይሠራ እንደሆነ የሚገምቱት። የኔ ገና እዚሁ ጎኔ ውስጥ ነው፤ ብርሃኑ መቼ አየው? ሌላው ምርመራዬ ደግሞ ደህና ነው ተብያለሁ።

ለምን እንደዋሸኸኝ አይጠፋኝም። «አንድ ነገር ብትሆኚ ልጆችሽን ማን ያሳድግልሻል?» ስትል ነው የከረምከው። እኔም እፈራለሁ፤ አልዋሽህም። ግን ልጆቼ አጎታቸውን እያዩ እንዲያድጉ እፈልጋለሁ። በጎኔ ላይ የምወስነው እኔ ነኝ። ለኔ ብለህ እንድትሞት አልፈቀድኩልህም፣ ኪሩ።

ዶክተሩ በሩን ዘግተው ብቻዬን አነጋገሩኝ። «ያስገደደሽ ሰው ካለ ንገሪኝ፤ ኩላሊትሽ አይስማማውም ብለን እንሸፍንልሻለን» አሉኝ።

«ማንም የለም» አልኳቸው፤ «አስገዳጇ እኔ ነኝ።»

የፈቃድ ወረቀቱን ፈርሜ ወጣሁ። አሁን የቀረው ያንተ ፊርማ ብቻ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አዳማ ነኝ። ልብስህን ሸክፈህ ጠብቀኝ፤ ብቻዬን አልመለስም።

ታላቅ እህትህ ደሳለች
ከጉለሌ