የአባዬ ወንበር በጨረታ

ጥቅምት 4
ሥራ፣ ቤት፣ ሥራ። ማታ ባለቤቴ ሆዷን ደግፋ ትንሿ ክፍል በር ላይ ቆመች። «ልጁ የት ሊተኛ ነው? የአባትህ ወንበር ላይ?» እውነቷን ነው። አባዬ ዕድሜ ልኩን ጸጉር ያስተካከለበት ወንበር፣ ከሞተ ወዲህ ክፍሉን ይዞ ተቀምጧል። ለእማዬ ደውዬ ልሸጠው ነው አልኳት። «እንዳላችሁ» አለች። ፎቶ አንስቼ የጨረታ ድረ ገጹ ላይ ለጠፍኩት። በሳምንት እገላገላለሁ።

ጥቅምት 7
ጥያቄ ብቻ። «ይሽከረከራል?» ይሽከረከራል ብዬ ጽፌያለሁ እኮ! «ከሥሩ አንሳልኝ።» ያንን ሁሉ ብረት ገልብጬ አነሳሁ። ሰውየው የውኃ ሽታ ሆነ። ወገቤ ግን አለ... እያመመኝ።

ጥቅምት 15
አሸናፊው ቅዳሜ እመጣለሁ ብሎ ነበር። ስልኩ ዝግ ነው። ድረ ገጹ ኮሚሽኑን ቆርጧል። ሳይሸጥ የምን ኮሚሽን? ብጽፍላቸው «ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» አሉኝ። የቱን ትዕግሥት?

ጥቅምት 21
ሁለተኛው ገዢ ወስዶት ነበር፤ ዛሬ መለሰው። «ክንዱ ላይ ቆዳው ተሰንጥቋል።» ፎቶው ላይ ይታያል እኮ! «እኔ ዋጋውን ነው ያየሁት።» አንድ ኮከብ ሰጥቶኝ ሄደ። ወንበሩን ተሸክሜ ደረጃውን መልሼ ስወጣ እማዬ ደወለች። «አሁን አይመቸኝም» ብዬ ዘጋሁ። ምን ልትለኝ ነበር?

ጥቅምት 28
እንደገና ለጠፍኩት። «ቆንጆዋ» የምትባል ተጫራች ሙጭጭ ብላለች። ሌላው በጨመረ ቁጥር ትጨምራለች። ቆንጆ ሴት የጸጉር አስተካካይ ወንበር ምን ያደርግላታል? ይህችም ስታሾፍ ይሆናል። ሰው ማመን ትቻለሁ።

ኅዳር 2
ቆንጆዋ አሸነፈች። ከፈለችም። ላደርስ አድራሻውን ብከፍት... የእማዬ ቤት።
በሩን ከፍታ ጠበቀችኝ። እህቴ ናት በስልክ መጫረት ያስለመደቻት።
«አትሽጥ ብትዪኝስ?»
«ክፍሉ ለልጅህ ነው፤ በምን አፌ?»
«ታዲያ እሰጥሽ ነበር እኮ!»
«ልጠይቅህ ደውዬ ነበር።»
አባዬ «ቆንጆዋ» እያለ ይጠራት እንደነበር ያኔ ትዝ አለኝ። አፈርኩ፤ ተናደድኩም። ገንዘቡን ልመልስ ብል እምቢ አለች። ከእናቴም ላይ ኮሚሽን ቆረጡ!

ኅዳር 14
የልጁ አልጋ ገባ። ክፍሉ ሰፋ።
ዛሬ «አዲስ አስተያየት ደርሶዎታል» የሚል መልእክት መጣ። ከቆንጆዋ ነው፤ ሦስት ኮከብ።
«ዕቃው ጥሩ ነው። በየቀኑ እቀመጥበታለሁ። ሻጩ ግን ካደረሰ ወዲህ ብቅ አላለም።»