በአባትሽ ልደት የተገለበጡት ቆርኪዎች

ልጄ ሰምሃል፣ ያለሽበትን አገር ብርድ እመብርሃን ታቅልልልሽ። እኛ ደህና ነን። ከኮንዶሚኒየሙ በታች ያለው መንገድ አስፋልት ሆነ።

እሑድ የአባትሽን ሰባኛ ዓመት አከበርን። እህትሽ ሣባ ሳሎኑ ውስጥ አራት ጠረጴዛ ዘርግታ በየጠረጴዛው የተለያየ ጨዋታ አስቀመጠች። ደወል ስትመታ ሁሉም ተነሥቶ ወደሚቀጥለው ይዞራል። አባትሽ ካርታውንም ሉዶውንም ሳይጫወት አለፈ። ዳማው ጋ ሲደርስ ደስ አለኝ፤ በዳማ ማን ይችለዋል ብዬ። የእሱ ቆርኪዎች የተንጋለሉ፣ የጎረቤታችን የገሰሰ የተደፉ ነበሩ። አባትሽ ጥቂት ካያቸው በኋላ የገሰሰንም አንድ በአንድ አንጋለላቸው።

«ጋሼ፣ እኔንም የራስዎ አደረጉኝ እኮ!» አለ ገሰሰ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። አባትሽም ሳቀና ወደ እኔ ዞሮ በዝግታ «የኔ የትኛው ነው?» አለኝ። ወዲያው ደወሉ ተመታ፤ ሁሉም ተነሣ። እኔ ኬኩን ለማምጣት ሄድኩ። አላለቀስኩም። እስከ ዛሬም ምንም አልተሰማኝም።

ለሣባ ገና አልነገርኳትም። ማክሰኞ ሐኪም ጋ እወስደዋለሁ። አንቺ ቁርስሽን አትዝለዪ። አምላክ በሄድሽበት ሁሉ ይቅደምልሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ስትደውዪለት እንደ ልማድሽ «ማን ነኝ?» እያልሽ አትቀልጂበት። አስቀድመሽ ስምሽን ንገሪው።

እናትሽ