ግቢው ኮማንደር ያላቸው ሰው

ሰኞ፣ ጥቅምት 10፤ ጠዋት 2፡30
ባጃጅ ጠፍቶ በእግሬ መጣሁ። አልከፋኝም፤ ወልድያ በጥቅምት ጠዋት የምታምረው በእግር ሲሄዱባት ነው። በር ላይ ኮማንደር ይመር ቆመዋል። የኮሌጅ ግቢያችን ጥበቃ ኃላፊ ከሆኑ ወዲህ ፍተሻው እንኳ ሰላምታ ይመስላል። ሴት ተማሪዎች ሲመሽ ከቤተ መጻሕፍት በሩጫ መመለስ ትተዋል። የቅጥር ኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነበርኩ፤ ትንሽ ብኮራ ምን አለበት?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11
ዱብ ዕዳ! በቅጥር ውድድሩ ሁለተኛ የወጡት ከሐራ የመጡ ጡረተኛ ቅሬታ አስገብተዋል። ይመር ኮማንደር ሆነው አያውቁም ይላል። ዲኗ ይመር ወደሠሩበት ፖሊስ መምሪያ ደወሉ። እውነት ነው፤ የለቀቁት በሳጅንነት ነው። ለሻይ ስንወጣ ወሬው ደርሶ ጠበቀን፦ ማስረጃው ፎርጅድ ነው አሉ። ይመር ግን «ኮማንደር ነኝ ብዬ አላውቅም» ይላሉ። ማን ይስማቸው!

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13፤ ከሰዓት
ማስታወሻዬ፣ ጉድ ሆኛለሁ። ፋይላቸውን አወጣሁ። ማመልከቻው «ሳጅን ይመር»። ሰርተፍኬቱም ሳጅን። የተፋቀ የለ፣ የተሰረዘ የለ። ቃለ ጉባኤውን ስገልጥ «ኮማንደር ይመር»። ጽሕፈቱ የኔ ነው፤ ያ የምመካበት ጽሕፈቴ።
አሁን ትዝ አለኝ። የቃለ መጠይቁ ዕለት ዘበኛው ኮማንደር መጥተዋል ብሎ አስገባቸው። ሁላችንም ኮማንደር፣ ኮማንደር። እኔም የሰማሁትን ጻፍኩ። በዚያው ለማዕረግ ነጥብ ተሰጣቸው፤ ሰነዱን መልሶ ያየ የለም። ምሳ አልበላልኝም። (ሽሮውን ግን ጨረስኩት።)
ሄጄ ኮማንደር የሚለው ስም ከየት መጣ አልኳቸው። ከግራና ከተማ ገበያ ነው አሉ። አንድ ቅዳሜ ባጃጅና ግመል ተቆላልፈው መንገዱ ሲዘጋ፣ እሳቸው በሲቪል ልብስ ፊሽካ እየነፉ አስከፈቱት። ከዚያ ወዲህ ሕፃን አዋቂው ኮማንደር ይላቸዋል። በስማቸው የሚጠሯቸው መርሳ ከተማ ያሉት እናታቸው ብቻ ናቸው።
«እቴ፣ ሲጠሩኝ ደስ እያለኝ ዝም ማለቴ የኔ ጥፋት ነው» አሉኝ።
የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፈው ኪሳቸው ይዘዋል። ሰኞ ሊያስገቡ ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 16
ማስታወሻዬ፣ ላንተ አልዋሽም። ከሄዱ ፋይሉን ማንም አይከፍትም። የኔም ስሕተት አብሮ ይሄዳል። ለአፍታ እፎይ አልኩ። ወዲያው በራሴ አፈርኩ። ሰውዬው ፎርጅድ ተብለው መርሳ ሊገቡ፣ እናታቸው ፊት ሊቆሙ!

ሰኞ፣ ጥቅምት 17፤ 5፡00
ከሳቸው ቀድሜ ዲኗ ቢሮ ገባሁ። ፋይሉንና ቃለ ጉባኤውን ጎን ለጎን ዘረጋሁ። ስሕተቱ የኔ ነው አልኩ። ዲኗ ሁለቱንም አነበቡ። ከዚያ ቁጣ። ከዚያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፤ ይገባኛል። የማዕረጉ ነጥብ ተሰርዟል። ሐሙስ እሳቸውና የሐራው ጡረተኛ እንደገና ለቃለ መጠይቅ ይቀርባሉ። አቶ ይመር ሊወድቁ ይችላሉ።
ሮጬ ነገርኳቸው። ደብዳቤውን ከኪሳቸው አውጥተው ቀደዱት። እወዳደራለሁ አሉ። ቀለል ብሎኝ ዋልኩ፤ ከማስጠንቀቂያዬ ጋር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18፤ ጠዋት 2፡20
ዛሬ የተወዳዳሪዎቹን ስም እለጥፋለሁ። ከሰነዱ ነው የገለበጥኩት፣ ሦስቴ አይቼ። ሳጅን ይመር።
በር ላይ ስደርስ «ኮማን...» ብዬ ዋጥ አደረግኩት። እንደምን አደሩ አቶ ይመር አልኩ። ማንን እንደጠራሁ ሊያዩ ወደ ኋላቸው ዞሩ! ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን።
ወስኛለሁ። ሐሙስ እስኪደርስ ጠዋትም ማታም በስማቸው እጠራቸዋለሁ። ኮሚቴው ፊት ይመር ሲባሉ አቤት የሚል ሌላ ሰው እንዳይፈልጉ።