አድራሻ ጠይቀው ለሚጸልዩልን ፓስተር

ኮር ዊሊያም ሰፈር፣ ጁባ
የካቲት 2006 ዓ.ም.

ለተከበሩ ፓስተር ሞገስ፣

ጸጋና ሰላም ይብዛልዎ። እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ በቅርቡ ከአንድ ባለሥልጣን የተበረከተልዎ ጀነሬተርም፣ በርዎን የሚጠብቁት ታጣቂዎችም ሁላችሁ ደኅና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ በጎችዎ፣ የጎደሉትን ሳንቆጥር፣ ደኅና ነን። በግል የሚነገርዎ ነገር በዝቶ እንዳይከብድዎ በማለት ይህን ደብዳቤ በአዳራሹ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ቅሬታ ከመሰለዎ፣ አማርኛዬን የተማርኩት እርስዎም በሚያውቁት የጋምቤላ የስደተኞች ካምፕ ነውና ይለፉኝ።

አንደኛ፦ ወንዶቻችን በጎሣቸው ምክንያት መታደን ከጀመሩበት ከታኅሣሡ ተኩስ ወዲህ ስላሳዩት ትጋት አመሰግናለሁ። ድሮ አንዲት እናት በጸሎት ርዕስ ሰዓት ተነሥታ የጠፋ ልጇን አደራ ስትል፣ ጌታ ያለበትን ያውቃል ብለው እጅዎን ይጭኑባት ነበር። አሁን ግን ጌታ መንገድ እንዳይሳሳት አስበው ይመስለኛል፣ የትኛው ሰፈር፣ የማን ግቢ፣ በየትኛው በር እንደሚገባ ሳይቀር ይጠይቃሉ።

ሁለተኛ፦ ወንድሜ ዱዎፕ ጁባ ታውን፣ በነጋዴው በሙኽታር መጋዘን እንደተሸሸገ በጉባኤው ፊት ስናገር አብረውኝ አልቅሰዋል፤ እግዜር ይስጥልኝ። በማግስቱ መሣሪያ የያዙ ሰዎች መጋዘኑን ከበቡት። ዱዎፕ በጓሮ አጥር ዘሎ አመለጠ፤ ክርስቲያኑን ያስጠለለው ሙስሊሙ ሙኽታር ግን ጥርሱ እስኪረግፍ ተደበደበ። እርስዎን መጠርጠር ኃጢአት ነው፣ ጉባኤው ውስጥ ስንት ጆሮ አለ ብዬ ራሴን ገሠጽኩ። ሆኖም ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ፈርቼም ነበር፣ በጣምም ተናድጄ ነበር።

ሦስተኛ፦ በመጪው እሑድ እኅት ኛኩዎት ስለ ልጇ ልትቆም አስባለች። ያለችው አንድ ልጅ ነው። እባክዎ ለእርሷ ሲሉ አንድ ቀን ብቻ ሳይጠይቁ ይጸልዩ።

እርስዎን በማክበር እንጂ በማመን የማልታማ፣ በጸሎትዎ ሳይሆን በሩጫው የዳነው ሰው እኅት፣

ጁሊያ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሰሞን በቢሮዎ ለብቻችን ተንበርክከን ሳለ፣ ዱዎፕ ካስተም ገበያ ከተዘጋው ወፍጮ ቤት እንዳለ በጆሮዎ ነግሬዎ ነበር። ዋሽቻለሁ፤ ያኔ ድንበር ከተሻገረ ሰንብቶ ነበር፣ ወፍጮ ቤቱም ከአይጥ በቀር ነፍስ የለበትም። ረቡዕ ጠዋት እነዚያው መሣሪያ የያዙ ሰዎች የወፍጮ ቤቱን በር ሰብረው ገቡ። ያንን ውሸት የሰማነው እኔ፣ እርስዎና እግዚአብሔር ብቻ ነን፤ እግዚአብሔር ደግሞ ታርጋ በሌለው ፒክአፕ አይመጣም።