ያቺን ምት የፈረዱት የአቶ ዴልበርት ሆቭላንድ የሕይወት ታሪክ

አቶ ዴልበርት ሆቭላንድ ከአባታቸው ከአቶ ኢንግቫልድ ሆቭላንድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቲሊ ብራተን በአዮዋ፣ ከዲኮራ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የወተት ላሞች እርሻ እ.ኤ.አ. በ1934 ተወለዱ። ወተት ሰብሳቢው ሲመዝን አባታቸው ከሚዛኑ አጠገብ አይጠፉም ነበር፤ ዴልበርትም ሰውን በጎሪጥ ማየት የለመዱት ከዚያ ነው ይባላል።

ትምህርታቸውን አጠናቀው፣ የውትድርና ግዴታቸውን ፈጽመው ሲመለሱ የሒሳብ መምህር ሆኑ። በ1958 ከወይዘሮ ማርቫ ጋር ጋብቻ መሥርተው አንዲት ልጃቸውን ካርሊንን አፈሩ።

በ1963 የከተማው ፕሮፌሽናል ቤዝቦል ቡድን የጨዋታ መዝጋቢነቱን ሰጣቸው። መቺው ኳስ መትቶ ሲያመልጥ፣ ያመለጠው በጥሩ ምት ነው ወይስ በተከላካይ ስህተት የሚለውን የሚፈርዱት እርሳቸው ነበሩ። ፍርዳቸው በማግስቱ ጋዜጣ ላይ በቁጥር ይወጣል፤ ተጫዋች በዚያ ቁጥር ያድጋል፣ በዚያው ይባረራል። ስለዚህ ፈገግ ያለላቸውን ሁሉ ይጠረጥሩ ነበር። የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ለገና የላከላቸውን የአሳማ ጭን ከበር መለሱት። ወይዘሮ ማርቫ፣ "ኧረ ሰውየው እንኳን አደረሳችሁ ማለቱ ነው!" ቢሏቸው፣ "ለእሱማ ካርድ ይበቃ ነበር" አሉ።

በ1979 ሮይስ ታኬት የሚባል ወጣት ኳስ ወርዋሪ ቡድኑን ተቀላቀለ፤ ከካርሊንም ጋር ተዋደዱ። ዴልበርት ግን ልጁ የፈለገው ካርሊንን ይሁን መዝጋቢውን ሊገባቸው አልቻለም። እራት ሲጋበዝ፣ ድንች ሲያቀብላቸው እንኳ ዓይን ዓይኑን ያዩት ነበር።

በዚያው ዓመት ነሐሴ፣ ሮይስ አንድም ጥሩ ምት ሳያስመታ የመጨረሻው ዙር ላይ ደረሰ። ወርዋሪ ሁሉ የሚመኘው፣ ጥቂቱ የሚያገኘው ዕድል ነው፤ የትልቁ ሊግ መልማዮችም ቁጭ ብለው ያዩ ነበር። ያኔ አንዲት ኳስ መሬት ለመሬት ተምዘግዝጋ የተከላካዩን ጓንት ገጭታ አለፈች። ዴልበርት ጥቂት አሰቡና "ጥሩ ምት" ብለው ፈረዱ፤ የተከላካይ ስህተት ቢሉት የሮይስ ዕድል አይበላሽም ነበር።

ስታዲየሙ ተናወጠ። "መነጽር ግዙለት!" አለ አንዱ። ሌላው ደግሞ፣ "አማችነቱን ካልፈለግክ በአፍህ አትነግረውም?" ብሎ ጮኸ።

ካርሊን በር ላይ ጠበቀቻቸው። "አባዬ፣ ወርዋሪው ሌላ ሰው ቢሆን ምን ትፈርድ ነበር?"

"እኔ ያየሁት ኳሷን ነው።"

"እርግጠኛ ነህ?"

ሰውን ሁሉ ሲጠረጥሩ የኖሩት ዴልበርት በዚያች ቅጽበት ራሳቸውን ጠረጠሩ። ደንቡ በማግስቱ ፍርዳቸውን እንዲለውጡ ይፈቅድላቸው ነበር። ቢለውጡ ለልጃቸው አደሉ ሊባል ነው፤ ባይለውጡ ቂም ያዙ። አልለወጡም። መልማዮቹ ሌላ ወርዋሪ ይዘው ሄዱ፤ ካርሊንም ሮይስን አግብታ ነብራስካ ገባች። ለዓመታት ስልክ የምትደውለው ለእናቷ ብቻ ነበር።

የልጅ ልጃቸው ኢነስ ከተወለደች በኋላ፣ በ1986 የምስጋና በዓል ሁሉም አንድ ማዕድ ዙሪያ ተቀመጡ። ሮይስ፣ "አባባ፣ ያቺ ኳስ እኮ ጥሩ ምት ነበረች። ስወረውራት ገና ከእጄ ተበላሽታ ነው የወጣችው" አላቸው።

ዴልበርት ሹካቸውን አስቀምጠው፣ "ምን ፈልገህ ነው?" አሉት።

"መረቁን ቢያቀብሉኝ።"

መጀመሪያ የሳቀችው ካርሊን ነበረች። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሰላም ሆነ፤ የዴልበርት ልብ ግን አልሆነም።

በ2018 ኩላሊታቸው ሲታመም፣ ከነብራስካ ወደ አዮዋ ተመልሶ የነበረው ሮይስ ሐኪም ቤት ያመላልሳቸው ነበር። አንድ ቀን መኪና ውስጥ፣ "ያን ቀን እንደዚያ ያልከኝ ለካርሊን ብለህ ነው፣ አይደል?" አሉት።

ሮይስም፣ "አዎ፣ ያኔ ለካርሊን ብዬ ነበር" አለ። "ደጋግሜ ሳስበው ግን እውነትም ምት ነበረች።"

"አሁን አመንኩህ" አሉት ዴልበርት፤ ወንበራቸውንም ወደ ኋላ ዘርግተው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

አቶ ዴልበርት መጋቢት 3 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. በተወለዱ በ84 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ማርቫን፣ ልጃቸውን ካርሊንን፣ አማቻቸውን ሮይስንና የልጅ ልጃቸውን ኢነስን ትተው ሄደዋል። በራሷ ላይ ሳይቀር አጥብቃ የፈረደችውን ነፍሳቸውን፣ እግዚአብሔር ሳይመረምር ይቀበልልን።